ካርታው ላይ «ባዶ መሬት» ብዬ የጻፍኩበት ሜዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ደረቅ ወደብ ሊሰፋባት የታሰበች አንዲት ከተማ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲሠራላት ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበርኩ። የኔ ድርሻ የሳተላይት ፎቶ ፊት ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ቦታ ቀለም መቀባት ነበር። መኖሪያው ቢጫ፣ ንግዱ ቀይ፣ ኢንዱስትሪና መጋዘኑ ሐምራዊ። ከከተማዋ ግርጌ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ። ቤት የለበትም። እርሻ አይታይበትም። ከዋናው መንገድም ሩቅ አይደለም። «ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍኩበትና ሐምራዊ ቀባሁት። ለኮንቴይነር ማስቀመጫ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል ብዬ ደስ ብሎኝም ነበር።

መስክ ስንወጣ አንድ አዛውንት አገኘን። ካርታውን ዘርግተን አሳየናቸው። ትንሽ አዩትና ጣታቸውን ሐምራዊው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ነሐሴ ላይ ውሃ ነው» አሉኝ።

«አባባ፣ በየዓመቱ ነው ወይስ አልፎ አልፎ?»

«በየዓመቱ ነው እንጂ። ከብቶቹን ወደ ላይ የምናወጣቸው ለሱ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ ደህና የሚበቅለው እዚሁ ነው።»

ፎቶው የተነሣው የካቲት ላይ ነበር። እኔ ባዶ ያልኩት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ክረምት ጎርፍ ያርፍበታል፣ በጋ ከብት ይሰማራበታል። ቀለሙን ቀየርነው። ግን እሳቸው ያን ቀን በዚያ ባያልፉ ኖሮ ያ ሜዳ ይደፈን ነበር፣ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ይገባ ነበር፣ እኔም ይህን ሳላውቅ ሌላ ከተማ ላይ ሌላ ሜዳ ሐምራዊ እቀባ ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወደብ ከተሞች ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ያንን ቃል ይፈልጋል። ከዳር እስከ ዳር ፈልጌ የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ወደብ ባለበት ከተማ ባዶ መሬት የሚባል ነገር የለም። ባዶ የመሰለን ቦታ ወይ የውሃው ነው፣ ወይ የዓሣ አስጋሪው ነው፣ ወይ ነገ ለሥራ የሚመጣው ሰው ነው። ፕላኑ ለሦስቱም ቦታ ካልያዘላቸው ሳይጠይቁ ይይዙታል። በተለይ ውሃው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ወደብ ለምን ይህን ያህል መሬት እንደሚበላ እንይ። ሌላ ከተማ በአራቱም አቅጣጫ መስፋት ይችላል። የወደብ ከተማ ግማሹ ባሕር ነው። የሚሰፋው በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ያም ወገን ብዙ ጊዜ ረግረግ ወይም የወንዝ አፍ ወይም ገደል ነው። በዚያ ላይ ኮንቴይነር መጣ። በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ትላልቅ ሣጥኖች መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ የሚወርደው በጆንያና በሣንዱቅ፣ በጫኝና አውራጅ ትከሻ ነበር። መጋዘኑም ሰፈሩም ገበያውም መርከቡ ከሚቆምበት ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። ኮንቴይነር ሲመጣ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 15 ካሬ ሜትር መሬት ይይዛል። ቢደራረብም እንኳ ክሬኑ የሚሄድበት፣ ተሳቢው የሚዞርበት፣ የሚፈተሽበት፣ ባዶው ሣጥን የሚጠብቅበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘመናዊ ወደብ ከድሮው እጅግ የሰፋ መሬት ይፈልጋል፣ የሚቀጥረው የሰው እጅ ግን ያነሰ ነው። ለከተማው ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። መሬቱን ይሰጣል፣ ሥራው ግን እንደጠበቀው አይሆንለትም።

ጄምስ በርድ የሚባል እንግሊዛዊ የጂኦግራፊ ምሁር በ1963 አንድ ነገር አስተዋለ። ወደቦች ከከተማው መሐል ይጀምሩና መርከቡ በተለቀ ቁጥር ጥልቅ ውሃና ሰፊ መሬት ፍለጋ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። አሮጌው ወደብ ከተማው መሐል ይቀራል። ለኛ ቅርብ የሆነችውን ጅቡቲን ተመልከቱ። ድሮ መርከቡ የሚቆመው ከከተማው እምብርት አጠገብ ነበር። በ2009 የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 ደግሞ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ከከተማው በስተምዕራብ ተከፈቱ። ወደቡ ወጣ፣ ከባዱ መኪናም ተከትሎ ወጣ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የተለቀቀው የመሐል ከተማ መሬት ለማን ይሁን? አዲሱ ወደብ የሄደበት ዳርቻስ ላይ ማን ነበረ? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ተከራካሪ አለው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ እዚያ ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አሁን ስለ ቴማ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ቴማ ጋና ውስጥ ናት፣ ከአክራ በስተምሥራቅ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። የመረጥኳት እቅድ የነበራት ከተማ ስለሆነች ነው። ያለ እቅድ ያደገ ከተማ ሲበላሽ ማንም አይገርመውም። ቴማ ግን በአፍሪካ ውስጥ ከባዶ ታቅደው ከተሠሩት ከተሞች በስም ከሚጠሩት አንዷ ናት። በ1952 መንግሥት ከ160 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ከባለይዞታዎቹ ወስዶ ለቴማ ልማት ኮርፖሬሽን ሰጠው። ወደብ ይሠራል፣ ፋብሪካ ይቋቋማል፣ ከቮልታ ወንዝ በሚመጣው ኤሌክትሪክ አሉሚኒየም ይቀልጣል። ግሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ዶክሲያዲስ ማስተር ፕላኑን አወጣ። ከተማው በቁጥር በተጠሩ ሰፈሮች ተከፈለ፤ ኮሚኒቲ አንድ፣ ኮሚኒቲ ሁለት እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ገበያ አለው። ወደቡ በ1962 ሥራ ጀመረ። ፕላኑን እንደ ባለሙያ ስታየው ያስቀናል። ሰው በእግሩ ገበያ የሚደርስበት፣ ልጅ አውራ ጎዳና ሳያቋርጥ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ከተማ ነው የታሰበው።

ግን ወደቡ የተሠራበት ቦታ ባዶ አልነበረም። የጋ ሕዝብ ዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረበት። የከተማዋም ስም ከዚያ መንደር ነው የመጣው። ሰዎቹ አንነሣም አሉ። ታንኳቸው የሚያርፍበት ዳርቻ፣ የአማልክቶቻቸው ቦታ፣ የአያቶቻቸው መቃብር እዚያ ነው። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ በ1959 ከወደቡ በስተምሥራቅ ወደተሠራላቸው ቴማ ማንሂያን ወደተባለ አዲስ ሰፈር ተወሰዱ። ቤት ተሰጣቸው። እኔ እዚህ ጋ የምቆምበት ምክንያት አለኝ። ለዓሣ አስጋሪ ቤት መስጠት ካሳ መስሎ ይታያል። የሱ መተዳደሪያ ግን ቤቱ አይደለም፤ ታንኳው የሚወጣበት አሸዋ፣ መረቡ የሚደርቅበት ቦታ፣ ሴቶቹ ዓሣውን በጭስ የሚያደርቁበት ግቢ ነው። ይህን ሁሉ በካሬ ሜትር ለክቶ የሚተምን የካሳ ቀመር እስካሁን አላየሁም። በአዲሱ ሰፈር አቅራቢያ ያለው ቼሙ የተባለው ላጉን ደግሞ (ከባሕሩ በአሸዋ የተለየ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ማለት ነው) የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀባይ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ነገር አሻይማን ነው። ወደቡን የቆፈሩት፣ ድንጋዩን የተሸከሙት፣ ሲሚንቶውን ያቦኩት ሰዎች ከጋና ሰሜንና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ናቸው። ቴማ ውስጥ ያሉት ቤቶች በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የታሰቡ ነበሩ። የቀን ሠራተኛው ኪራዩን አይችለውም፣ ቢችልም ወረፋው አይደርሰውም። ስለዚህ ከታቀዱት ሰፈሮች ወጣ ብሎ፣ ከቴማ በስተሰሜን ያለች አሻይማን የምትባል ትንሽ መንደር ላይ ሰፈረ። እኛ የጨረቃ ቤት እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ጣውላና ቆርቆሮ። ለጊዜው ይሆናል ተብሎ ነበር። ዛሬ አሻይማን ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ያላት፣ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቴማ ለሥራ የሚጎርፈውን ሰው አስቡት።

ይህን ሳነብ ፕላኑ ውስጥ ማን እንደተቆጠረ ለማየት ሞከርኩ። መርከቡ ተቆጥሯል። ፋብሪካው ተቆጥሯል። ጸሐፊውና መሐንዲሱ ተቆጥረዋል። ወደቡ ሥራ ሲጀምር ስንት ቋሚ ሠራተኛ ይኖራል የሚለው ተሰልቷል። ወደቡን ለመሥራት የሚመጣው ግን እንደሚገባው አልተሰላም። እሱን ተከትላ ምግብ ሠርታ የምትሸጠው ሴት አልተሰላችም። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ጎማ ነፊው፣ ሥራ ይገኛል ሲባል ሰምቶ ከገጠር የመጣው የአጎት ልጅ አልተሰሉም። ፕላን ያልቆጠረውን ሰው ሕገወጥ ይለዋል። እኔ ግን ጥፋቱን ከሰውየው አልፈልገውም፤ ቆጠራው ላይ ነው የምፈልገው።

ሦስተኛው ሳኩሞ ላጉን ነው። በቴማና በአክራ መካከል ያለ ረግረግና ሐይቅ ነው፤ በ1992 ራምሳር በሚባለው ዓለም አቀፍ የረግረግ መሬቶች ስምምነት ተመዝግቧል። ወፎቹ አሉ፣ ዓሣው አለ። ዋናው ሥራው ግን ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ እያለ ወደ ባሕር መልቀቅ ነው። ሁለቱ ከተሞች ሲያድጉ ግን ከሁለት በኩል ተገፋ። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተሸጠ፣ ሰው ገዝቶ ሠራ፣ ከዚያ ዶዘር መጥቶ አፈረሰ፣ ከዚያ ደግሞ ተሠራ። ገንዘቡን ቆጥቦ ቤት የሠራው ሰው ጠላት አይደለም። መሬቱን የሸጠለት ሰው ወረቀት አሳይቶታል። ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው። የውሃው ወሰን ገና መሬቱ ርካሽ በነበረበት ጊዜ በድንጋይ ምልክት፣ በዛፍ፣ በመንገድ በግልጽ መለየት ነበረበት። ድንበሩ ቢሮ ውስጥ ባለ ካርታ ላይ ብቻ ከሆነ መሬት ላይ የለም ማለት ነው።

ጅቡቲም ከዚሁ የማይለይ ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ አጥር ከበቧት። ዓላማቸው ከገጠር የሚመጣውን ሰው ማቆም ነበር። ሰው ግን አልቆመም። ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ። ባልባላ የሚባለው ሰፈር የተወለደው እንዲህ ነው። አጥሩ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፣ ባልባላ ግን ዛሬ ከከተማዋ ትልልቅ የመኖሪያ ክፍሎች አንዱ ነው። ውሃ፣ መንገድና ፍሳሽ ማስወገጃ ለዚህ ሰፈር ማስገባት ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ቤቱ ቀድሞ መንገዱ ኋላ መጣ። ቤት በበዛበት ሰፈር አንድ ቧንቧ ለመቅበር ስንት ግድግዳ እንደሚነካ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ «ታዲያ ምን ይደረግ፣ ለሁሉም ቤት መሥራት አይቻልም» ይባላል። ልክ ነው፣ አይቻልም። ግን ቤት መሥራት አያስፈልግም። ዳሬሰላም በ1970ዎቹ ያደረገችውን ተመልከቱ። በዓለም ባንክ ብድር፣ ሲንዛን በመሰሉ ሰፈሮች ውስጥ፣ መንግሥት ቤት ከመሥራት ይልቅ መሬቱን ሸነሸነ። መንገድ አወጣ፣ የውሃ መስመር ዘረጋ፣ ቁራሽ መሬቱን በቁጥር ለይቶ ሰጠ። ሰውም በአቅሙ፣ በጊዜው ሠራ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ሄደው ሲያዩ እንዲህ ቀድመው የተሸነሸኑት ሰፈሮች ሰው ከሰፈረባቸው በኋላ ከተሻሻሉት ይልቅ የተሻለ ቤትና የተሻለ መንገድ ነበራቸው። እኔ ይህን ደጋግሜ የምናገረው ርካሽ ስለሆነ ነው። መንገድ ማለት መጀመሪያ ላይ ግሬደር አንድ ጊዜ ያለፈበት አፈር ነው። አስፋልቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የመንገዱ ስፋት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ አይመጣም።

እዚያችው ዳሬሰላም ደግሞ ተቃራኒውን ታሳየናለች። በከተማዋ መሐል የምሲምባዚ ወንዝ ያልፋል፣ ጃንግዋኒ በሚባለው ሜዳ ላይም ይተኛል። በከባድ ዝናብ ጊዜ ወንዙ ሜዳውን ይሞላዋል። በ2016 ሥራ የጀመረው የከተማው ፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት የአውቶቡሶቹን ማደሪያና መጠገኛ የተከለው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ውሃው መጣ፣ ደጋግሞም መጣ። ይህን የማነሣው ለማሳጣት አይደለም፣ አውቶቡሱ ለከተማው ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጎርፍ ሜዳ ላይ የሚሠፍረው ድሃ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ያፈርስልናል። በካርታ፣ በመሐንዲስ፣ በብድር የሚሠራ ፕሮጀክትም ያው ሜዳ ባዶ ይመስለዋል። ለምን ይመስላችኋል? መሐል ከተማ ውስጥ ካሳ የማይከፈልበት ሰፊ መሬት ሲገኝ ዓይን ወዲያው እዚያ ነው የሚያርፈው። ካሳ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ምክንያት ግን ውሃው ማንንም ስላላስኖረ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ተስፋ የሰጠችኝ ከተማ ቤይራ ናት፣ ሞዛምቢክ ውስጥ። አቀማመጧ ያስፈራል። የፑንግዌ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ፣ በጣም ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው የተቆረቆረችው። ከፊሏ ከባሕሩ ማዕበል ከፍታ ብዙም አይበልጥም። ወደቧ ግን ለዚምባብዌና ለማላዊ ሁሉ መተንፈሻ ነው፣ ስለዚህ ተነሥታ ሌላ ቦታ አትሄድም። በከተማዋ መሐል ቺቬቬ የሚባል፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚሞላ ሲጎድል የሚጎድል ትንሽ ወንዝ አለ። ዓመታት ቆሻሻ መጣያ ሆኖ፣ አፉ ተደፍኖ ነበር። ይህን ወንዝ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ ከመድፈን ይልቅ ከፈቱት። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ተጠረገ፣ ከባሕሩ ጋር ተገናኘ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ተተከለ። ዙሪያውም ኋላ ላይ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። በሌላ በኩል በዓለም ባንክ ገንዘብ የጎርፍ መውረጃ ቦዮቹ ታደሱ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ገንዳም ተቆፈረ።

በመጋቢት 2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ቀጥታ ቤይራ ላይ። ሞዛምቢክ ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። የቀይ መስቀል ማኅበራት ፌዴሬሽን በመጀመሪያ ግምገማው ከቤይራና ከአካባቢዋ 90 በመቶው ተጎድቷል አለ። ማንም ቦይ፣ ማንም ዛፍ እንዲህ ያለውን አውሎ ነፋስ አያቆምም፣ ያቆማል የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት። ነገር ግን ቦዮቹ የታደሱባቸው ሰፈሮች ውስጥ የዝናቡ ውሃ ቶሎ ሄደ። ውሃ ሁለት ሳምንት የተኛበት ሰፈርና በጥቂት ቀን የደረቀ ሰፈር መካከል ያለውን ልዩነት ኮሌራ የሚፈራ ሰው ይረዳዋል። ያም የሆነው አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በከተማው ውድ መሬት ላይ «ይህ የውሃው ነው» ብሎ ስለወሰነ ነው። ማንግሮቭ ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ማዕበሉን ያደክማል፣ የትንንሽ ዓሣ መራቢያ ነው። ወደብ ሊሰፋ ሲል መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ካርታ ላይ «ቁጥቋጦ» ይባላልና።

ስለ አደገኛ ዕቃ አጭር ነገር ልበል፣ ጉዳዩ ግልጽ ስለሆነ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ቤይሩት ወደብ ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት (ለማዳበሪያ የሚውል ኬሚካል) ለዓመታት ተከማችቶበት የነበረ መጋዘን ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ 300,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። መጋዘኑና መኖሪያው መካከል በቂ ርቀት አልነበረም። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ጋዝ የማይገባበት ወደብ የለም፣ በተለይ በታዳጊ አገር። ስለዚህ በእነዚህ ዙሪያ ማንም የማይኖርበት ቋት መሬት ያስፈልጋል። ያ ቋት ግን ባዶውን አይቀመጥም። ዛፍ ይተከልበት፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይሁን፣ የባቡር ሐዲድ ይለፍበት። ዝም ብሎ ከታጠረ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ይገባበታል፣ እሱም አይፈረድበትም፣ ምክንያቱም ለሥራው ቅርብ የሆነ ቦታ ያ ብቻ ነው።

ውሃ ስል የመጠጡንም ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ያለ ከተማ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሚሞላው በላይ ሲስብ ጨው ከሥር ይገባል። ጅቡቲ ይህን ታውቀዋለች። ከ2017 ጀምሮ ከኛ አገር፣ ከአዲጋላ አካባቢ በቧንቧ ውሃ የሚሄድላት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው። እንግዲህ ከከተማ ወጣ ብሎ ዝናብ ወደ መሬት የሚሰርግበት አሸዋማ የወንዝ ዳርቻ ሁሉ ሲሚንቶ ከለበሰ ጉድጓዱን የሚሞላው ነገር አይኖርም። አምቡሊ የሚባለው የጅቡቲ ደረቅ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ጎርፍ ይሆናል፣ ሰውም ይዞ ሄዷል። የካቲት ላይ ፎቶ ቢነሣ እሱም ባዶ መሬት ይመስላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። ወደብ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ በወጣ ማግስት መሬት ይወደዳል። ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ ደላላው ይይዛል፣ ባለሥልጣኑም ዘመድ አለው። ፕላኑ ጸድቆ እስኪወጣ የሠራተኛው መኖሪያ የሚሆነው መሬት ተይዟል፣ የውሃውም ተሸንሽኗል። እኔ የማምነው ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ መሄድ እንዳለበት ነው። ከወደቡ ዲዛይን በፊት የውሃው መሬት ይለይ፣ በክረምት፣ በእግር፣ እዚያ ከሚኖር ሰው ጋር። ቀጥሎ የዋና መንገዶቹና የሰፈሮቹ መሬት ይያዝ፣ ለቋሚውም ለቀን ሠራተኛውም፣ ገና ዋጋው ሳይንር። ዓሣ አስጋሪው ከዳርቻው የማይነሣበት መንገድ ካለ እሱ ይመረጥ። ከሌለም በባሕሩ ዳር ሌላ የታንኳ ማረፊያ ተሠርቶ፣ ሠርቶም ታይቶ፣ ከዚያ ይነሣ። ወደቡ ከዚህ በኋላ ይምጣ። «ያዘገያል» ይሉኛል። አዎ ያዘገያል፣ ምናልባት ሁለት ክረምት። አሻይማንን ከሰፈረች በኋላ ለማስተካከል ከተሞከረው ዓመታት ጋር ግን አይወዳደርም።

አንድ የቀረኝ ነገር የመኪና ማቆሚያ ነው። ስለሱ የምጽፈው ገና ብዙ አለኝ፣ ግን አሁን በደንብ የማላውቀውን ከመሙላት ልጠይቅ። ወደብ ፕላኖች ላይ የመርከብ መቆሚያው በሜትር ተለክቶ ይቀመጣል፤ ሹፌሩ ወረፋ ሲጠብቅ የሚያድርበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ከጅቡቲ መሐል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ፒኬ 12 የኛ ሹፌሮች ከማንም በላይ የሚያውቁት ቦታ ነው። እዚያ ያደራችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች ካላችሁ ጻፉልኝ። ስንት ቀን ትጠብቃላችሁ? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ጥላ አለ? ሽንት ቤትስ? ዝናብ ሲዘንብ መኪናው የቆመበት መሬት ምን ይሆናል? መኪናችሁ ከቆመበት ማዶ ማን ይኖራል፣ ጭሱና ጡሩምባው ሌሊት ለነሱስ እንዴት ነው? የምትነግሩኝን በትንሽ ካርታ ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ወሩንም ጨምራችሁ ንገሩኝ፣ ነሐሴ ነው ወይስ የካቲት።